ጊልጋሜሽ፣ ኢሊያድ ወይስ የካርና ታሪክ? ጓደኛ ለሞተበት ሰው የቱ ይቅደም

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈሬ ልጅ ቡና ቤት አግኝቶኝ አጠገቤ ተቀመጠ። አብሮ አደጉን ከቀበረ ሰባት ወር ሆኖታል። ሻዩን ሳይነካው ብዙ ቆየ። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መቼም መጽሐፍ አያጡም» አለኝ። «ስለ ጓደኛ ሞት የሚያወራ የድሮ ነገር ካለ አንድ ይንገሩኝ። የአሁኑን የምክር መጽሐፍ አልፈልግም። ‹ሁሉም ያልፋል› የሚለውን ለቅሶ ቤት ጠግቤ መጥቻለሁ።»

ሶፍት ላይ ሦስት ነገር ጻፍኩለት፦ የሜሶፖታሚያው ጊልጋሜሽ፣ የግሪኩ ኢሊያድ፣ ከህንዱ ታላቅ ግጥም ከማሃባራታ ደግሞ የካርና ታሪክ። አየት አደረገና፣ «ታዲያ የቱን ልጀምር?» አለኝ። እዚያ ላይ ተያዝኩ። «ሁሉም ጥሩ ነው» ብዬ ሸኘሁት። እንደዚያ የተባለ ሰው አንዱንም እንደማያነብ አውቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ቆጨኝ። ያኔ ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን አሁን ልጻፈው።

ጓደኛው ምን ዓይነት ነበር?

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲመርጥ ዝናውን ወይ ውፍረቱን ያያል። እኔ ከሌላ ጥያቄ ጀምሩ እላለሁ። የሞተባችሁ ሰው ምናችሁ ነበር? አብሮ አደግ አለ። ተደባድባችሁ ተዋውቃችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያልተለያያችሁት አለ። ሰው ሁሉ ሲስቅባችሁ ከጎናችሁ የቆመ፣ ዕድሜ ልካችሁን ውለታው ያለባችሁም አለ።

ጊልጋሜሽና ኤንኪዱ ተደባድበው የተዋወቁ ናቸው። አኪሌስና ፓትሮክሎስ አብሮ አደግ ናቸው። ካርናን ከመስፍኑ ከዱርዮዳና ጋር ያሰረው ውለታ ነው። ሐዘኑም ታማኝነቱም ከዚሁ ይለያያል። በጊልጋሜሽ የሚያስለቅሰው ሞት ራሱ ነው። በኢሊያድ የሚያስለቅሰው «እኔ ነኝ የላክሁት» የሚለው ጸጸት ነው። በካርና ደግሞ ሰውየው ከመሞቱ በፊት ነው የምታዝኑለት፤ መንገዱን አውቆ ሲሄድ እያያችሁት።

ጊልጋሜሽ

ቦታው ኡሩክ ነው፣ የዛሬዋ ኢራቅ ደቡብ። ንጉሡ ጊልጋሜሽ ጉልበት የተረፈው፣ ከተማውን ያስመረረ ጎረምሳ ነው። አማልክቱ እኩያ ይሁነው ብለው ኤንኪዱን ከጭቃ ሠርተው ዱር ላይ ለቀቁት። ከሚዳቋ ጋር ሣር ይግጣል። ሻምሃት የምትባል ሴት ወደ ሰው ኑሮ አመጣችው። ግጥሙ ከአንድ በላይ ቅጂ አለው፤ በጥንታዊው ቅጂ ላይ ዳቦ ሲያቀርቡለት ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ያፈጥበታል። ቢራው ላይ ግን አላመነታም፤ ሰባት ማሰሮ ጠጥቶ ዘፈነ።

ከጊልጋሜሽ ጋር የተገናኙት የሙሽራ ቤት በር ላይ ነው። ተናነቁ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ተሳሳሙና ጓደኛ ሆኑ። አብረው የዝግባውን ጫካ ጠባቂ ሁምባባን ገደሉ፤ አምላኳ ኢሽታር የላከችውን የሰማይ በሬም ገደሉ። አማልክቱ ከሁለቱ አንዱ ይሙት ብለው ፈረዱ። ዕጣው ለኤንኪዱ ወጣ።

ኤንኪዱ ጦር ሜዳ አልሞተም። አልጋ ላይ፣ 12 ቀን ታሞ ነው የሞተው። ይህንንም ራሱ ያማርራል፤ በውጊያ የወደቀ ስም ይተርፈዋል፣ እኔ ግን እንዲህ ሆኜ ቀረሁ ይላል። ከዚያ በፊት የሚረግመው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በር ይረግማል። ከዚያው ከጫካው በቆረጡት ዝግባ ለኒፑር ቤተ መቅደስ ያሠራው በር ነው። እንደ ሰው ያናግረዋል፤ «መጨረሻዬ ይህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ በመጥረቢያ እፈልጥህ ነበር» ዓይነት ነገር ይለዋል። ሆስፒታል ውስጥ ታማሚ ያስታመመ ሰው ይህን ያውቀዋል። በሽተኛ የሚወቅሰው ሲያጣ መስኮቱን ይወቅሳል፣ ትራሱን ይወቅሳል፣ ያመጣችሁለትን ሾርባ ይወቅሳል። ቀጥሎ ሻምሃትን ረገማት፤ ከዱር ባታወጣኝ አልሞትም ነበር ብሎ። የፀሐይ አምላክ ሻማሽ ከላይ ሆኖ ይመልስለታል፦ ዳቦ ያበላችህ እሷ፣ ጊልጋሜሽን ያህል ጓደኛ የሰጠችህ እሷ። ኤንኪዱ በረድ ብሎ እርግማኑን በምርቃት መለሰ።

ከሞተ በኋላ ጊልጋሜሽ ደረቱን ይነካዋል። ልቡ አይመታም። ፊቱን እንደ ሙሽራ ሸፈነለት። ግልገሎቿን እንዳጣች አንበሳ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ፀጉሩን ይነጫል። ሙሾው ሰው ብቻ አይጠራም። አብረው የሄዱበት መንገድ ያልቅስልህ ይላል፣ ወንዙ ያልቅስልህ፣ አውሬው፣ አራሹ፣ እረኛው። ሙሾ የሰማ ጆሮ ይህን ዝርዝር አያዘልለውም።

ከሁሉም የከበደኝ መስመር የሚመጣው ቆይቶ ነው፣ እሱ ራሱ ለሌላ ሰው ሲናገር። ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት አለቀስኩለት፣ ከአፍንጫው ትል እስኪወድቅ ድረስ እንዲቀበር አልሰጠሁም ይላል። መጀመሪያ ሳነበው መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ ተራመድኩ።

ከዚያ ሐዘኑ መልኩን ይቀይራል። «እኔም እንደ ኤንኪዱ ልሞት ነው?» የሚል ፍርሃት ገባበት። ቤተ መንግሥቱን ጥሎ፣ የአውሬ ቆዳ ለብሶ ምድረ በዳ ወጣ። እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ይሰለቻል፤ ምክንያቱም ያገኘው ሁሉ ያንኑ ይጠይቀዋል። ጉንጭህ ለምን ሞሸሸ? ፊትህ ለምን ጠቆረ? እሱም ለመጠጥ ቤቷ ሴት ለሲዱሪ፣ ለጀልባ ቀዛፊው፣ በመጨረሻም ከጥፋት ውሃ ለተረፈው ለኡታናፒሽቲ ያንኑ መልስ ቃል በቃል ይደግማል። ይህን ዝለሉት የሚሏችሁ አሉ። እኔ አትዝለሉት እላለሁ። ለቅሶ ቤት «እንዴት ሆኖ ሞተ?» ብሎ የማይገባ ሰው የለም። ቤተኛው ለመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራል፣ አንድም ቃል ሳይቀይር። ግጥሙ ያንን በትክክል ይዞታል።

ልዩነቱ ግን ጊልጋሜሽ ድንኳን የለውም። አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ቡና የሚያፈላ፣ «ብላ እንጂ» የሚል የለም። ጥንታዊው ቅጂ ላይ ለዚህ ቅርብ የምትሆነው ሲዱሪ ናት፤ ሆድህን ሙላ፣ ገላህን ታጠብ፣ እጅህን የያዘውን ልጅህን ተመልከት ትለዋለች። አይሰማትም። መርዶውን በስልክ ሰምቶ ባዕድ አገር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ላለቀሰ ሰው ከሦስቱ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል።

ታማኝነቱስ? እዚህ ላይ የሚያስገርም ታሪክ አለ። ከአካድኛው (ከጥንት ባቢሎናውያን ቋንቋ) ቅጂ በፊት በነበሩት የሱመር ግጥሞች ውስጥ ኤንኪዱ አገልጋይ ነው፣ ጊልጋሜሽ ደግሞ ጌታው። በኋላ የመጡት ባለቅኔዎች አገልጋዩን ጓደኛ አደረጉት። ታሪኩ የሚያቃጥል የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ለአገልጋይ ስድስት ቀን ሬሳ አቅፎ የሚያለቅስ ንጉሥ ብዙ አይታሰብም። ከሱመሩ ግጥም የተረፈ አንድ አባባልም አለ፣ በሦስት የተገመደ ገመድ አይበጠስም የሚል። ይህንን ከመጽሐፈ መክብብ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ጊልጋሜሽ ሲነገር ነበር።

ለማንበብ ቀላሉ ይህ ነው። 11 የሸክላ ሰሌዳ፣ ወደ 3,000 መስመር። ሁለት ማታ ይበቃል። 12ኛ ሰሌዳ አለ፤ ግን ኤንኪዱን በሕይወት አስነስቶ ሌላ ታሪክ ይጀምራል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዉት። አስቸጋሪው ነገር መቆራረጡ ነው። ሸክላው ተሰባብሯል፤ ልብ በሚነካው ቦታ ላይ መስመሩ ይጠፋል። ዋናው ቅጂ የተገኘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነነዌ ላይ፣ ከአሦር ንጉሥ ከአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ፍርስራሽ ነው። ፍለጋው ግን አላለቀም። በ2011 ኢራቅ ያለው የሱለይማንያ ሙዚየም የገዛው ሰሌዳ ሲነበብ ኤንኪዱ ስለ ጫካው መጸጸቱ ወጣ። «ጓደኛዬ፣ ጫካውን ምድረ በዳ አደረግነው» ይላል። ከ3,000 ዓመት በኋላ የሞተ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨምር አስቡት። (እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢሊያድ

ኢሊያድን መጀመሪያ የያዝኩት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ የመርከብ ዝርዝር አለ። ማን ከየት መጣ፣ ስንት መርከብ አመጣ። እዚያው ተውኩት። ለዓመታት «አንብቤዋለሁ» እያልኩ ስዋሽ ኖርኩ። እውነተኛው መጽሐፍ ከክፍል 16 ጀምሮ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

ታሪኩ ግሪኮች ትሮይን የወጉበት ጦርነት 10ኛ ዓመት ላይ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። የግሪኮቹ ጀግና አኪሌስ ከአዛዡ ከአጋሜምኖን ጋር ተጣልቶ አልዋጋም ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። አጋሜምኖን የምርኮ ድርሻው የሆነችውን ብሪሴይስን ወስዶበታል። ወገኖቹ ሲያልቁ ዝም ብሎ ያያል። ሽማግሌ ተላከበት፤ እምቢ አለ። እልህ ነው።

ፓትሮክሎስ ልጅ ሳለ በጨዋታ ተጣልቶ ሌላ ልጅ ገድሎ፣ አባቱ ይዞት ወደ አኪሌስ ቤት የመጣ ነው። አብረው አደጉ። በዕድሜ ይበልጠዋል። ክፍል 16 ሲጀምር እያለቀሰ ይመጣል። አኪሌስም «እናቷን ቀሚሷን ይዛ አንሺኝ እንደምትል ትንሽ ልጅ ምን ያስለቅስሃል?» ብሎ ይቀልድበታል። ይህ በመካከላቸው የቀረ የመጨረሻ ቀልድ ነው። ፓትሮክሎስ ጦር ልብስህን አውሰኝ፣ አንተ መስያቸው ይሽሹ አለው። አኪሌስ ፈቀደ። ከመርከቦቹ ካባረርካቸው ተመለስ፣ ከዚያ እንዳታልፍ ብሎ አስጠነቀቀው። ሲሄድ ዜውስን ሁለት ነገር ለመነ፦ ድል ስጠው፣ በደህና መልሰው። ገጣሚው ሆሜር በአንድ መስመር ይነግረናል፤ ዜውስ አንዱን ሰጠ፣ ሌላውን ነሳ።

መርዶውን ያመጣው አንቲሎኮስ የሚባል ወጣት ነው። ቀስ ብሎ ነገሩን የሚያለዝብበት ጊዜ አልነበረውም። እያለቀሰ ቆመና ተናገረ፦ ፓትሮክሎስ ወድቋል፣ በሬሳው ላይ እየተዋጉ ነው፣ ልብሱን የትሮዩ ጀግና ሄክቶር ወስዶታል። አኪሌስ በሁለት እጁ አመድ አፍሶ ራሱ ላይ ነሰነሰ፤ መሬት ላይ ተዘረጋ። አንቲሎኮስ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። የአኪሌስን ሁለት እጅ ያዘ። በብረት አንገቱን እንዳይቆርጥ ፈርቶ ነው። መርዶ ነጋሪው ራሱ እያነባ የሰውየውን እጅ ይዞ ቁጭ ብሏል። ከሦስቱም ግጥሞች አንድ ምስል ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

እናቱ ቴቲስ ከባሕር ወጥታ፣ ሄክቶርን ከገደልክ አንተም ቶሎ ትሞታለህ ስትለው፣ አሁኑኑ ልሙት፣ ጓደኛዬ ሲሞት አልደረስኩለትም አላት። ጸጸቱ እዚህ ጋ ነው። ልብሱን የሰጠው እሱ፣ የላከው እሱ፣ በእልህ ቤት የቀረው እሱ።

ከዚህ በኋላ አኪሌስን መውደድ ያቅታል። ሄክቶርን ገድሎ ሬሳውን በሠረገላ ጎተተ። በፓትሮክሎስ ቀብር ላይ 12 የትሮይ ወጣቶችን አረደ። ሐዘን ሰውን ደግ ያደርጋል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ መጽሐፍ ጥሩ መልስ አለው። ፓትሮክሎስ ራሱ በሕልሙ መጥቶ ቶሎ ቅበረኝ፣ አጥንታችን በአንድ ዕቃ ይሁን ይለዋል። ሊያቅፈው እጁን ሲዘረጋ እንደ ጭስ መሬት ውስጥ ገባ። የእኛ ሰው «እርሙን አላወጣም» የሚለው ይህንን ነው። በጊልጋሜሽ ሬሳውን የሚይዘው ቋሚው ነው፤ እዚህ ሟቹ ራሱ ልቀቀኝ ይላል።

አንድ የሚያስደስተኝ ነገር በመሐል ልበል። የፓትሮክሎስ ሬሳ የሚቃጠልበት እንጨት አልነድ ሲል የአማልክቱ መልእክተኛ አይሪስ ነፋሶችን ልትጠራ ትሄዳለች። ግብዣ ላይ ደርሳባቸው ተቀመጪ ሲሏት፣ አልቀመጥም፣ ወደ ኢትዮጵያውያን አገር እየሄድኩ ነው፣ መሥዋዕቱ እንዳያመልጠኝ ትላለች። ሆሜር ኢትዮጵያ የሚላት የዓለም ዳርቻ ላይ ያለች ሩቅ አገር ናት፣ ከዛሬው ካርታ ጋር አንድ አድርገን አንውሰደው። ታሪኩ ግን በዚህ አይቆምም። ከኢሊያድ በኋላ ያለውን በሚተርከው፣ ዛሬ አጭር መግለጫው ብቻ በቀረልን ግጥም፣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ትሮይን ሊረዳ ይመጣል። ያንን መርዶ ነጋሪ አንቲሎኮስን ይገድለዋል። አኪሌስ ለእሱም ተበቅሎ ሜምኖንን ገደለ። እጁን ይዞ ያተረፈውን ልጅ አልረሳውም ማለት ነው።

መጨረሻው ክፍል 24 ነው። የሄክቶር አባት ሽማግሌው ፕሪያም በሌሊት መጥቶ ልጁን የገደለውን እጅ ሳመ። አባትህን አስብ አለው። ሁለቱ አለቀሱ፤ ፕሪያም ለልጁ፣ አኪሌስ አንዴ ለአባቱ አንዴ ለፓትሮክሎስ። ከዚያ አኪሌስ እራት እንብላ አለ። ሥጋ አረዱ፣ ጠበሱ፣ በሉ። ጊልጋሜሽ ያጣውን «ብላ እንጂ» የሚለውን ሰው እዚህ የሆነው ገዳዩ ራሱ ነው።

ርዝመቱ 24 ክፍል፣ 15,693 መስመር ነው። ሁሉንም ካላነበብኩ አትበሉ። ክፍል 1ን ለጠቡ፣ 9ን ለሽምግልናው፣ ከዚያ 16፣ 18፣ 19፣ 22፣ የ23ን መጀመሪያና 24ን አንብቡ። የመርከቡን ዝርዝር ለሚወደው ተዉለት። ሁለቱ ከጓደኝነት ያለፈ ግንኙነት ነበራቸው ወይ የሚለውን ሆሜር አይናገርም። በኋላ የመጡት ግሪኮች ራሳቸው ተከራክረውበታል።

የካርና ታሪክ

ይህንን ጓደኛ ለሞተበት ሳይሆን ከጓደኛው መለየት ላቃተው ሰው ነው የምሰጠው። ማሃባራታ 18 መጽሐፍ ነው። ሙሉውን አንብቡ ብዬ ጠላት አላተርፍም። ካርናን ተከትላችሁ ግን መውጣት ትችላላችሁ።

ካርና፣ የአርጁናና የወንድሞቹ እናት ኩንቲ ሳታገባ ከፀሐይ አምላክ የወለደችው ነው። በሣጥን አድርጋ ወንዝ ላይ ለቀቀችው። ሠረገላ ነጂው አዲራታና ሚስቱ ራዳ አሳደጉት። አድጎ የመሳፍንቱ የቀስት ውድድር ላይ ቀርቦ የዱርዮዳናን የአጎት ልጅ አርጁናን ልፎካከር ሲል ዘርህ ማነው ተባለ። አንገቱን ደፋ። ዱርዮዳና ብድግ ብሎ እዚያው የአንጋ ንጉሥ አድርጎ ቀባው። «ምን ልመልስልህ?» ሲለው፣ «ጓደኝነትህን፣ ለዘላለም» አለው።

ገና የሹመቱ ውሃ ከራሱ ሳይደርቅ አዲራታ ገባ። ያረጀ፣ ያላበው፣ ምርኩዝ የያዘ፣ ነጠላው የተንሸራተተ ሠረገላ ነጂ። ካርና ቀስቱን ጥሎ እርጥብ ራሱን አባቱ እግር ላይ ደፋ። ሽማግሌው አፍሮ እግሩን በልብሱ ጫፍ ሸፈነ። «ልጄ» ብሎ አለቀሰበት። ቢማ፣ ከአርጁና ወንድሞች አንዱ፣ ሳቀ፦ ያንተ ዕቃ ጅራፍ ነው፣ ሂድና እሱን ያዝ። ያን ቀን ከጎኑ የቆመው ዱርዮዳና ብቻ ነበር። ቀሪው ታሪክ ከዚያ ቀን ይወጣል።

ችግሩ ዱርዮዳና ክፉ መሆኑ ነው። በቁማር የአጎቱን ልጆች መንግሥት ነጠቀ፤ ሚስታቸውን ድራውፓዲን ጉባኤ ፊት አስጎተተ። ካርናም በዚያ ቀን ሰደባት፣ በኋላ ቢጸጸትም። ስለዚህ ታማኝነቱ ንጹሕ አይደለም። በአጎት ልጆቹ መካከል ጦርነቱ ሊጀመር ሲል የአርጁና ወዳጅ ክሪሽና ካርናን ለብቻው ጠርቶ እውነቱን ነገረው፦ የምትዋጋቸው ወንድሞችህ ናቸው፣ ታላቃቸውም አንተ ነህ፣ ና ንጉሥ ትሆናለህ። ካርና እምቢ አለ። ያሳደጉኝን አልክድም፣ የዱርዮዳናን እንጀራ በልቻለሁ አለ። ቀጥሎ የተናገረው ደግሞ የሚያስደነግጥ ነው። ለታናሼ ለዩዲሽቲራ እንዳትነግረው፤ ካወቀ መንግሥቱን ለእኔ ይተዋል፣ እኔ ደግሞ ለዱርዮዳና አስረክበዋለሁ። ማን ማሸነፍ እንደሚገባው ያውቃል ማለት ነው። ሆኖም ሄዶ ከሌላው ጎን ይቆማል።

በጦርነቱ 17ኛ ቀን የሠረገላው ጎማ መሬት ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ሊያነሳው ሲታገል አርጁና ገደለው። ወንድሞቹ ማን እንደነበረ የሰሙት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ወንዝ ዳር ለሙታን ውሃ ሲያፈሱ ነው። እናታቸው፣ ለካርናም አፍስሱ፣ ታላቃችሁ ነበር አለች። ዩዲሽቲራ ያሸነፈው መንግሥት መራራ ሆነበት። ሐዘኑ እዚህ ላይ ለገዳዮቹ ተረፈ።

ታዲያ የቱ?

መርዶው ገና ትኩስ ከሆነ ሦስቱንም ተዉ። እውነቴን ነው። የትሉን መስመር በሠልስት ማግስት ማንበብ ለማንም አይበጅም። የግድ አንድ ነገር ካሰኛችሁ ከኢሊያድ ክፍል 24ን ብቻ አንብቡ፤ እዚያ ሰው እራት ይበላል፣ ይተኛል።

ጥቂት ወራት ካለፉ፣ ሰውም «አሁንማ ይብቃህ» ማለት ከጀመረ፣ ጊልጋሜሽ ነው። ሌሊት እየነቁ «እኔስ?» ለሚሉም እሱ ነው። ሟቹን በመጨረሻ ያናገራችሁት ተጣልታችሁ ከሆነ፣ ወይም «ባልላከው፣ ባልደውልለት፣ አብሬው በሄድኩ» የሚል ነገር ከያዛችሁ፣ ኢሊያድ። ክፉ ይሁን ደግ ያልለየላችሁ፣ ግን ውለታው ያለባችሁ ሰው ካለ፣ ካርና። ይህ የመጨረሻው ሞት እንኳ አያስፈልገውም።

ጮክ ብሎ ለማንበብ ኢሊያድ ያሸንፋል፤ የተሠራውም ለጆሮ ነው። ከሰው ጋር ለመወያየት ካርና ይሻላል፤ አንድ ቤት ሰው ለሁለት ይከፈልበታል። ጊልጋሜሽ ለብቻ ነው።

በእንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ፣ ለጊልጋሜሽ የአንድሩ ጆርጅን ትርጉም እመርጣለሁ፤ የጠፋውን የጠፋ ነው ይላል እንጂ በራሱ አይሞላውም። ለኢሊያድ የኤሚሊ ዊልሰን የ2023 ትርጉም ይፈሳል፤ የላቲሞር የ1951 ትርጉም ጠጠር ይላል ግን ለግሪኩ ይጠጋል። ለማሃባራታ ጆን ስሚዝ በአንድ ጥራዝ ያሳጠረው አለ። እስራኤል ላላችሁ፣ ጊልጋሜሽንም ኢሊያድንም ሻውል ቸርኒሆቭስኪ ወደ ዕብራይስጥ መልሷቸዋል። ኢሊያድን በዓረብኛ ለሚፈልግ የሱለይማን አል ቡስታኒ የ1904 ትርጉም አለ። ሁለቱም ያረጀ ቋንቋ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ያን ልጅ ባለፈው ሳምንት አገኘሁት። ሦስቱንም አልያዘም። ኢሊያድን ከስልኩ ላይ ከፍቶ በዘፈቀደ ክፍል 19 ላይ ወድቋል፤ ብሪሴይስ በፓትሮክሎስ ሬሳ ላይ የምታለቅስበት ቦታ። ሁልጊዜ ደግ ነበርክ ትለዋለች። ሌሎቹ ሴቶችም አብረዋት ያነባሉ፤ በፓትሮክሎስ ስም፣ እያንዳንዷ ግን ለራሷ ሐዘን። «ጋሼ፣ ይሄንን ድንኳኑ ውስጥ አይቼዋለሁ» አለኝ። «እኔ ለእሱ ሳለቅስ፣ አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ለማን እንደሚያለቅሱ አላወቅኩም ነበር።» ከዚያ ክፍል 18ን ወደ ኋላ ሄዶ ይጀምር እንደሆነ ጠየቀኝ። ጀምር አልኩት።